የእንጨት የእሽቅድምድም ጀልባ ከልጅ ጋር ስለ መሥራት

በሲያትል ከተማ ደቡባዊ ክፍል፣ ብዙ የኢትዮጵያ ተወላጆች ከሚኖሩበት ከሬኒየር ሸለቆ ብዙም ሳይርቅ፣ በዋሽንግተን ሐይቅ ዳር በስታንሊ ሴይርስ ስም የተሰየመ መናፈሻ አለ፤ በዚያ አገር የበጋ ወራትም ሃይድሮፕሌን የተባሉት ታላላቅ የእሽቅድምድም ጀልባዎች ረጅም የውሃ ጅራት ከኋላቸው እየዘረጉ በየዓመቱ የሚወዳደሩት በዚሁ ሐይቅ ላይ ነው። ሴይርስ፣ ቴድ ጆንስ ነድፎ አንከር ጄንሰን በሲያትል በሠራው «ስሎ ሞ ሹን 4ኛ» በተባለው የእንጨት ጀልባ፣ እ.ኤ.አ. ጁን 26 ቀን 1950 በሰዓት ከ160 ማይል በላይ፣ ማለትም 258 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ፣ ከ1939 ጀምሮ በእንግሊዛዊው በማልኮልም ካምቤል እጅ የነበረውን የ141 ማይል ክብረ ወሰን በሰፊ ልዩነት ሰበረ። ከዚያ ወዲህ የከተማው ልጆች ከእንጨት ቁራጭ የሠሯቸውን ትንንሽ ሃይድሮፕሌኖች በብስክሌታቸው ኋላ አስረው በየመንገዱ ይጎትቱ ነበር። ዛሬ ግን የልጅ ጀልባ በገዛ ሞተሩ እየተነዳና የሬዲዮ ትእዛዝ እየተቀበለ በእውነተኛ ውሃ ላይ ሊሮጥ ስለሚችል፣ ይህ ጽሑፍ አባት ወይም እናት ከልጃቸው ጋር ሆነው 75 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመትና ከጎን እስከ ጎን 35 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የእንጨት ሃይድሮፕሌን እንዴት እንደሚሠሩ ያስረዳል።

ወደ ሥራው ከመግባት በፊት የጀልባውን ባሕርይ ማወቅ ይገባል። ተራ ጀልባ ውሃውን እየሰነጠቀ ስለሚሄድ ኃይሉን የሚጨርሰው ውሃ በመግፋት ነው፤ ሃይድሮፕሌን ግን ፍጥነት ሲያገኝ ከውሃው ከፍ ብሎ፣ ስፖንሰን በሚባሉት በሁለቱ የጎን እግሮቹ የኋላ ጫፍና በግማሹ ብቻ ውሃ በሚነካው ውልብልቢቱ፣ ማለትም በሦስት ነጥቦች ላይ ብቻ ተደግፎ፣ የቀረውን ክብደቱን በእግሮቹ መካከል የሚያልፈው አየር እየተሸከመለት ይሮጣል። እንግዲህ ከውሃው ጋር የሚገናኘው ገጽ እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ በዚያ ገጽ ላይ የተገኘ የአንድ ሚሊ ሜትር ጉብታ የሞተሩን ጉልበት ሁሉ ከንቱ ሊያደርገው ይችላል። የእኔም ጽኑ እምነት ፍጥነት የሚወለደው ከሞተሩ ሳይሆን ከወለሉ ቀጥ ማለትና ከጠርዙ ስለት ነው የሚል ነው፤ ይህን ቀጥታነትና ስለት ማስገኘትም አንዱ ሲይዝ ሌላው የሚያይበት፣ አንዱ ሲያጣብቅ ሌላው የሚያስርበት የአራት እጅ ሥራ በመሆኑ፣ ከብቸኛ ሠራተኛ ይልቅ ለወላጅና ለልጅ ይስማማል።

ስለ ሥራው አከፋፈል

ልጅዎ ወንድም ይሁን ሴት፣ ዕድሜው ዐሥር ዓመት ከሞላ፣ ከዚህ ሥራ አብዛኛውን በገዛ እጁ ሊሠራው ይችላል። ለወላጅ ብቻ የሚገቡት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ እነርሱም ቆዳንና ሳንባን የሚጎዳው የኤፖክሲ ማጣበቂያ ቅመማ፣ የሊቲየም ባትሪ አሞላል፣ እንደ ምላጭ የሚቆርጠው ውልብልቢት ናቸው። መለካት፣ መቁረጥ፣ መላግና በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ የልጁ ድርሻ ይሁን። እርሱ አጣምሞ የቆረጠውን እንጨት፣ ከተኛ በኋላ በሌሊት ተነሥተው በስውር አያቅኑት፤ ልጅ ይህን ሳይውል ሳያድር ያውቀዋል፣ ካወቀም በኋላ ጀልባው የአባቱ ወይም የእናቱ እንጂ የእርሱ አይሆንም። ይልቁንስ ገና ሲጀምሩ ለሁለት ጀልባ የሚበቃ እንጨት ይግዙ፤ ኮምፔርሳቶ ከሞተርና ከባትሪ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ጥቂት ስለሆነ፣ የተበላሸውን ጥሎ እንደገና መቁረጥ የቤቱ ሥርዓት ይሁን።

ስለ እንጨቱና ስለ መሥሪያው ሰሌዳ

ለጎድኖቹ 3 ሚሊ ሜትር፣ ለቆዳው 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የበርች ኮምፔርሳቶ፣ ለማገሮቹም 6 ሚሊ ሜትር በ6 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀላልና ጉጥ የሌለው ጥድ ያስፈልጋል። ከመደብሩ ሳይወጡ እያንዳንዱን ሉህ በወለል ላይ ዘርግተው አራቱ ማዕዘኖች መሬት መንካታቸውን ይመልከቱ፤ የተጠማዘዘ ሉህ በሞርሳ ተጨቁኖ ቀጥ ቢልም፣ ሞርሳው ሲነሣ ወደ ጥንት ጠባዩ ስለሚመለስ፣ ርካሽ ቢሆን እንኳ አይውሰዱት።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚሠራው ጀልባው ሳይሆን ጀልባው የሚሠራበት ሰሌዳ ነው። ወፍራም ኤም ዲ ኤፍ ወይም ከአገልግሎት የወጣ ልሙጥ በር ለዚህ ይበቃል፤ ረጅም የብረት ማስመሪያ በርዝመቱም በስፋቱም በሰያፉም እያጋደሙ፣ ብርሃን ከሥሩ የማያሾልክ መሆኑን ይመርምሩ። ከዚያ በመካከሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ያስምሩ፤ ይህ መስመር እስከ ሥራው ፍጻሜ ድረስ የልኬት ሁሉ ዳኛ ስለሆነ፣ በእርሳስ ሳይሆን በማይለቅ ቀለም ይሁን።

አስቀድመው የመረጡትን የጀልባ ንድፍ ወረቀት ግልባጭ በስሱ ኮላ በእንጨቱ ላይ ለጥፈው፣ ልጁ ከመስመሩ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል በውጭ በኩል ይቁረጥ፤ እስከ መስመሩ ያለውን ደግሞ በብርጭቆ ወረቀት ያድርሰው። የግራውና የቀኙ እግር ጎድኖች ግን ለየብቻ ፈጽሞ አይቆረጡ። ሁለቱን የእንጨት ቁራጮች በሁለት ወገን በሚያጣብቅ ቴፕ አነባብረው በአንድ ጊዜ ቢቆርጧቸውና ቢፈገፍጓቸው፣ ስሕተት እንኳ ቢኖር በሁለቱም ላይ እኩል ስለሚሆን ጀልባው ወደ አንድ ወገን አያዘነብልም።

ጀልባው የሚሠራው ተገልብጦ፣ ሆዱ ወደ ሰማይ ሆኖ ነው። ጎድኖቹን በሰሌዳው ላይ በየስፍራቸው ሲያቆሙ እያንዳንዱ በስኳድራ ይለካ፤ ከዚያም ልጁ ከአፍንጫው እስከ ኋላ ግድግዳው የተወጠረ ክር ይዞ፣ እርስዎ በአንድ ዓይን እያዩ፣ የጎድኖቹ መካከለኛ ምልክት ሁሉ ክሩን መንካቱን ያረጋግጡ፤ ቀጥሎም ቦታ ተለዋውጣችሁ እርሱ ይይ፣ እርስዎ ይያዙ። ይህ ሳይፈጸም አንዲት ጠብታ ኮላ አትፍሰስ። ኮላው የሚፈሰው ማገሮቹ በጎድኖቹ ጥርብ ውስጥ ያለ ግፊት መግባታቸው ከታየ በኋላ ነው፤ በጉልበት የገባ ማገር ጎድኑን ከስፍራው ስለሚገፋ፣ ጥርቡን ጥቂት ማስፋት ይሻላል።

ለማጣበቅ በሠላሳ ደቂቃ የሚደርቀውን ኤፖክሲ እመክራለሁ፤ በአምስት ደቂቃ የሚደርቀው ለማቅናት ጊዜ አይሰጥምና። የተቀመመ ኤፖክሲ በጥልቅ ኩባያ ከተቀመጠ በገዛ ሙቀቱ እየጋለ ሳይታሰብ ስለሚጠነክር፣ በጠፍጣፋ ሳሕን ላይ ዘርጉት። ጓንት ሳይደረግ አይነካ፤ የሰው ቆዳ ከእርሱ ጋር እየተገናኘ በሄደ ቁጥር አለርጂ ሊያመጣ ይችላልና፣ መስኮትም ይከፈት።

ስለ ሁለቱ የጎን እግሮች

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ሌላውን ሁሉ በችኮላ ቢያልፉት፣ ይህን ክፍል በጥንቃቄ ያንብቡት። የእግሮቹ የታች ገጽ ከጀልባው ወለል አንጻር ከ3 እስከ 4 ዲግሪ ያህል ወደ ፊት ከፍ ያለ ዝንባሌ ይኖረዋል፤ የኋላ ጫፋቸውም ከመካከለኛው ወለል በታች 20 ሚሊ ሜትር ያህል ይወርዳል። ከእነዚህ አኃዞች ይልቅ የሚያስጨንቀው የሁለቱ እግሮች አንድ መሆን ነው፤ አንዱ እግር ከሌላው በግማሽ ዲግሪ ቢለይ፣ ጀልባው በቀጥታ ሲነዳ እንኳ ወደ አንድ ጎን እየሳበ መሪውን ያስቸግራል።

የታችኛው ቆዳ ተጣብቆ ከደረቀ በኋላ፣ የብርጭቆ ወረቀቱን በእጅ ይዞ መፈግፈግ ጣት ባለበት ስፍራ ጉድጓድ ስለሚሠራ፣ ረጅምና ቀጥ ያለ እንጨት ላይ ለጥፈው በአንድ አቅጣጫ ይፈግፍጉ። በየጊዜው አቁመው መብራቱን ያጥፉ፤ ልጁ የብረት ማስመሪያውን በእግሩ ገጽ ላይ በጠርዙ ያቁመው፣ በማዶ በኩልም የእጅ ባትሪ ያብራ። ገጹ ቀጥ ካላለ በማስመሪያውና በእንጨቱ መካከል ቀጭን የብርሃን ክር ይታያል፤ ክሩ በመካከል ከታየ ገጹ ጎድጉዷል፣ በሁለቱ ጫፎች ከታየ ደግሞ አብጧል። ልጁ ብርሃኑ ያለፈበትን ስፍራ በእርሳስ ያጥቁር፤ ጥቁሩ ምልክት ዝቅተኛው ስፍራ ስለሆነ አይነካም፣ የሚፈገፈገው በዙሪያው ያለው ነው። ብርሃኑ በየትም በኩል እስኪጠፋ ድረስ ይህ ይደጋገም። አንድ ምሽት ሙሉ ቢወስድ ብዙ አይደለም፤ በኋላ በሐይቁ ላይ ቀጥ ብሎ የሚሮጠውን ጀልባ የሚለየው ይህ ምሽት ነው።

ጠርዙም እንዲሁ ነው። ውሃ የተጠጋጋ ጠርዝ ሲያገኝ ገጹን ተከትሎ ወደ ላይ ይጠቀለልና ጀልባውን ይዞ ያስቀራል፤ ስለት ያለው ጠርዝ ሲያገኝ ግን ተቆርጦ ይለያል። ኮምፔርሳቶ በባሕርዩ ለስላሳ ስለሆነ ስለቱን ቶሎ ያጣል፤ መድኃኒቱም በጠርዙ ላይ ቀጭን የኤፖክሲ ሽፋን ቀብቶ፣ ከደረቀ በኋላ ከሁለቱም ወገን በቀጥታ ፈግፍጎ፣ ጠርዙ ከእንጨት ሳይሆን ከጠነከረው ኤፖክሲ እንዲሆን ማድረግ ነው። የመካከለኛው ወለል የኋላ ክፍልም በዚሁ ሥርዓት ይመርመር፤ በዚያ ያበጠ ወለል የጀልባውን ኋላ ወደ ውሃው ስቦ አፍንጫውን ያነሣል፣ የጎደጎደ ወለል ደግሞ ኋላውን አንሥቶ አፍንጫውን ወደ ውሃው ይጫናል።

ውሃን ስለ መከላከል

ኖኅ መርከቡን ሲሠራ ውስጡንም ውጭውንም በቅጥራን እንዲቀባ መታዘዙን በኦሪት የምናነበው፣ እንጨት ከውጭ ብቻ ቢቀባ የማይበቃ መሆኑን ለሚያስተውል ሁሉ መልካም ትምህርት ነው። የላይኛው ክዳን ከመዘጋቱ በፊት፣ የጀልባው የውስጥ ክፍል ሁሉ፣ በኋላ እጅ የማይደርስባቸው የእግሮቹ ባዶ ስፍራዎች ጭምር፣ በቀጭን የኤፖክሲ ቅብ ሁለት ጊዜ ይሸፈን። በየባዶው ስፍራም ውሃ የማይጠጣ ፎም ይሞላ፤ ጀልባው ቢገለበጥና ውሃ ቢገባበት እንኳ ሳይሰጥም የሚቆየው በዚህ ነው። ከውጭ በኩል የእግሮቹ የታች ገጽ በስስ የፋይበር ግላስ ጨርቅና በኤፖክሲ ይሸፈን፤ ሲፈገፈግ የሚነሣው አቧራ ለሳንባ ክፉ ስለሆነ ሁለታችሁም ጭምብል አድርጉ። የቀለሙ ምርጫ ለልጁ ይተው፣ የክዳኑ ቀለም ግን ከሩቅ የጀልባውን ላይና ታች ለመለየት የሚያስችል ብሩህ ይሁን።

ስለ ሞተሩና ስለ ሬዲዮው

ለዚህ ጀልባ ዲያሜትሩ 36 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ በአንድ ቮልት 2,000 ዙር ገደማ የሚዞር ብሩሽ አልባ ሞተር፣ 120 አምፔር የሚሸከምና በውሃ የሚቀዘቅዝ የፍጥነት መቆጣጠሪያ፣ 40 ሚሊ ሜትር ያህል ዲያሜትር ያለው ውልብልቢት ይበቃሉ። ባለ አራት ሕዋስ የሊቲየም ፖሊመር ባትሪ 14.8 ቮልት ስለሚሰጥ ሞተሩ ያለ ጭነት በደቂቃ እስከ 29,600 ዙር ይዞራል፤ ለጀማሪ ልጅ ግን ባለ ሦስት ሕዋሱ 11.1 ቮልት ባትሪ እጅግ የተሻለ ነው፣ እጁ ሲለምድ ወደ አራቱ ይሸጋገራል። በሰሜን አሜሪካ የሞዴል ጀልባ ማኅበራት በኤሌክትሪክ የሚሄዱትን ጀልባዎች በባትሪያቸው ቮልት በመደብ ስለሚከፍሉ፣ መወዳደር ከፈለጉ በየትኛው መደብ እንደሚሰለፉ ከግዢው በፊት ይወስኑ።

ኃይሉን ከሞተሩ ወደ ውልብልቢቱ የሚያደርሰው፣ በነሐስ ቱቦ ውስጥ የሚያልፍ ተጣጣፊ የሽቦ ዘንግ ነው። ይህ ዘንግ ጭነት ሲሰማው ተጠምዝዞ ጥቂት ስለሚያጥር፣ ውልብልቢቱን በሚገፋው ቀለበትና በቱቦው መያዣ መካከል 3 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ይተዉ፤ ክፍተቱ የተዘነጋ እንደ ሆነ ቀለበቱ መያዣውን እየፈጨ ኩሽኔታውን ያቃጥላል። ከውልብልቢቱ ፊት ያለው ዘንግ ከወለሉ ጋር ትይዩ ይሁን።

በሬዲዮ ጀልባ መምራት አዲስ ነገር እንዳይመስልዎ፤ ኒኮላ ቴስላ እ.ኤ.አ. በ1898 በኒው ዮርክ በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ያለ ሽቦ የሚታዘዝ ጀልባ ለሕዝብ አሳይቶ፣ በዚያው ዓመት ኖቬምበር 8 ቀን የፈጠራ መብቱን ተቀብሏል። የዛሬዎቹ ሬዲዮዎች የሚሠሩበት የ2.4 ጊጋ ኸርዝ ሞገድ በውሃ ውስጥ ስለማያልፍ፣ የተቀባዩ አንቴና በቀጭን ቱቦ ከክዳኑ በላይ ከፍ ብሎ ይቁም፤ ተቀባዩም ራሱ በልጆች ፊኛ ውስጥ ገብቶ አፉ ቢታሰር ከርጥበት ይጠበቃል። ምልክቱ ቢቋረጥ ሞተሩ ወዲያው እንዲቆም ሬዲዮው አስቀድሞ ይዘጋጅ። አስተላላፊው ሳይከፈት ባትሪው አይገናኝ፣ ባትሪው ሳይለያይም አስተላላፊው አይዘጋ፤ ይህን ልጁ በቃሉ ያጥናው።

ባትሪውን እያንዳንዱን ሕዋስ አመጣጥኖ በሚሞላ መሙያ፣ 5,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ለሚይዘው ባትሪ ከ5 አምፔር ባልበለጠ ኃይል፣ እሳት በማይዘው ስፍራ፣ ሰው በአጠገቡ እያለ ይሙሉ፤ የሕዋሱ ቮልት ከ4.2 አይለፍ፣ በጉዞም ከ3.5 በታች አይውረድ። ያበጠ ባትሪ ከአገልግሎት ይውጣ።

የሚዛኑን ነጥብ በተመለከተ፣ ባትሪው ገብቶ ክዳኑ ከተዘጋ በኋላ ጀልባውን ከሁለት ወገን በጣት ሲያነሡት፣ ሳያዘነብል የሚቆምበት ስፍራ ከእግሮቹ የኋላ ጫፍ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ቢሆን ለመጀመሪያ ይበቃል፤ ንድፉ የተለየ ነጥብ ካመለከተ ንድፉን ይከተሉ። ክብደቱ ከዚያ ይልቅ ወደ ኋላ ካደላ አፍንጫው እየቀለለ አየር ከሥሩ ይገባና ጀልባውን ወደ ኋላ ይገለብጠዋል። የማልኮልም ልጅ ዶናልድ ካምቤል እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 4 ቀን 1967 በእንግሊዝ አገር በኮኒስተን ሐይቅ ላይ ሕይወቱን ያጣው፣ ጀልባው ብሉበርድ አፍንጫው ተነሥቶ በአየር ላይ በተገለበጠ ጊዜ ነበር።

በውሃ ላይ

ከሁሉ በፊት ሐይቁን ወይም ኩሬውን የሚያስተዳድረውን ክፍል ፈቃድ ይጠይቁ፤ ዋናተኞችና ዳክዬዎች በሌሉበት፣ ነፋስ ባልተነሣበት ማለዳ ይሂዱ። የዋሽንግተን ሐይቅ ውሃ ቀዝቃዛ ስለሆነ፣ ልጁ በዳርቻው ሲቆም የመንሳፈፊያ ሰደርያ ይልበስ፤ የቆመን ጀልባ ለማምጣት ማንም አይዋኝ፣ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ጫፍ ላይ የቴኒስ ኳስ አስሮ ከጀልባው ማዶ መወርወርና ቀስ ብሎ መሳብ ይበቃል።

አንዱ አስተላላፊውን ይዞ ይቁም፣ ሌላው ተንበርክኮ ጀልባውን ከውልብልቢቱ በራቀ እጅ ይያዝ፤ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲጀምር ሁለቱ እግሮች በአንድ ጊዜ ውሃውን እንዲነኩ አድርጎ ወደ ፊት ይልቀቅ። ጀልባው እንደ ተነሣ፣ በመሪው ቀዳዳ ገብቶ ሞተሩንና መቆጣጠሪያውን አቀዝቅዞ በጎን የሚወጣውን ቀጭን የውሃ ፍሳሽ ልጁ ይመልከት፤ ፍሳሹ ካልታየ ወዲያው ይመለስ። ትልልቆቹ ሃይድሮፕሌኖች የሚሽቀዳደሩት ወደ ግራ እየዞሩ ሲሆን፣ ሞዴሎቹ ግን ወደ ቀኝ ስለሚዞሩ፣ ጀልባው በመታጠፊያው እንዳይንሸራተት የሚይዘው የአልሙኒየም ክንፍ በቀኙ እግር ኋላ ይተከላል።

መጀመሪያ ቀን ሁሉ ነገር ልክ አይሆንም። አፍንጫው እየቀለለ የሚያስፈራ ከሆነ ባትሪውን አንድ ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት ይግፉ ወይም ውልብልቢቱ ያለበትን የቱቦ መያዣ አንድ ሚሊ ሜትር ዝቅ ያድርጉ፤ እግሮቹ ከውሃው አልላቀቅ ብለው ጀልባው የከበደ ከሆነ ተቃራኒውን ያድርጉ። እየዘለለ የሚሄድ ከሆነ ወደ ማስመሪያውና ወደ እጅ ባትሪው ተመለሱ፤ ብዙ ጊዜ በደሉ ከእግሩ ገጽ ነው። በመታጠፊያ የሚንሸራተት ከሆነ የክንፉን ስለትና ቀጥ ብሎ መቆሙን መርምሩ። በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር አይለውጡ፤ ምን እንደ ተለወጠና ጀልባው ምን እንዳደረገ ልጁ በደብተር ይጻፍ፣ የሚቀጥለውንም ማስተካከያ ደብተሩን አይቶ እርሱ ይወስን።

ከጉዞ በኋላ ክዳኑን ከፍተው የገባውን ውሃ በስፖንጅ ያውጡ፤ ተጣጣፊውን ዘንግ ከቱቦው ስበው ጠርገው፣ በአዲስ ግራሶ ቀብተው ይመልሱት፤ ክዳኑም እንጨቱ እስኪደርቅ ድረስ ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ይደር። ባትሪው ለሚመጣው ሳምንት የሚቀመጥ ከሆነ ሞልቶ ወይም ባዶ ሆኖ ሳይሆን፣ እያንዳንዱ ሕዋስ 3.8 ቮልት ላይ ሆኖ ይቀመጥ።